ሦስት ቀዳዳ ያለው ክዳን

ጥቅምት 9 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በደህና ያግኛችሁ። እኛም ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። እናቴ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሥራዋም ትሄዳለች። እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። እንዲያ ነን።

በአካል ያየሁዎት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ግን «የአጎቴ ልጅ፣ አብሮኝ ያደገ» እያለች ስለምታነሳዎት በደንብ የማውቅዎት ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን በኮምፒውተር የሚመረምሩ መሐንዲስ እንደሆኑ የነገረችኝ እህቴ ናት። «ስዕሉን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በእያንዳንዷ ውስጥ ማግኔቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሰላል» አለችኝና የቁርሴን ዳቦ በቢላ ከታትፋ አሳየችኝ። ዳቦው ለመብላት እንኳን የማይመች ሆነ።

የምጽፍልዎት በዚሁ ጉዳይ ነው። ያልደወልኩት ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነና የምናገረውን ሁሉ እናቴ ስለምትሰማ ነው።

እህቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በመኪና አደጋ እንደሞተች ሰምተዋል። የት እየሄደች እንደነበር ግን አልሰሙ ይሆናል። ቅዳሜ ነበር፤ ሥራ የማትገባበት ቀን። የምትሄደው ወደ አንድ ምስማር ፋብሪካ ነበር።

እሷ ትራንስፎርመር ጠምዛዥ ነበረች። የተቃጠለውን ሽቦ አውጥታ በአዲስ መዳብ ትጠመጥማለች። በምትሠራበት ወርክሾፕ «መዳቧ» ነበር የሚሏት። በሰኔ የፋብሪካው ምድጃ ትራንስፎርመር ተበላሽቶ መጣና እሷ ጠመጠመችው። ችግር የመጣው ከክዳኑ ነው። ኃይሉን ይዘው የሚወጡት ሦስት ወፍራም የመዳብ ዘንጎች በክዳኑ ውስጥ ያልፋሉ። የድሮው ክዳን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፋይበር ነበር፤ ተሰንጥቆ ምትክ ጠፋለት። ስለዚህ ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቆርጣ፣ ለእያንዳንዱ ዘንግ የየራሱን ቀዳዳ በስታ ሠራችው። ዘንጎቹ ብረቱን እንዳይነኩም በየቀዳዳው መከለያ አስገባች። ሥራ ከጀመረ በኋላ ክዳኑ እየጋለ ሄደ፤ ቀለሙ ተላጠ፤ አንድ ሠራተኛም መዳፉን ተቃጠለ።

የወርክሾፑ ባለቤት ሊያጽናናን መጥቶ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ለእናቴ ምን አላት መሰለዎት? «ጎበዝ ልጅ ነበረች። ያቺ ስህተቷ ባትኖር እኮ በዚያ መንገድ ላይ አትገኝም ነበር።» ክፉ ሰው አይደለም። አንዳንድ ሰው ማጽናናት አያውቅበትም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «ልጅሽ ምን ነበር የምትሠራው?» ብሎ ሲጠይቃት እናቴ «ቢሮ» ትላለች። እህቴ አንድም ቀን ቢሮ ሠርታ አታውቅም።

የክዳኑን ስዕል ከደብተሯ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። ልኮቹን ሦስት ጊዜ አመሳክሬያለሁ። በኮምፒውተርዎ አይተው፣ ስህተቱ የእሷ ከሆነ የእሷ ነው ይበሉኝ፤ እችለዋለሁ። ካልሆነም ለእናቴ የምነግራት እንዲኖረኝ ነው።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 6 ቀን

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ብርታት ከአንተና ከእናትህ አይራቅ። ፈጣሪ የእህትህን ነፍስ ያሳርፍ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ለሥራ ጉዳይ ከከተማ ወጥቼ ነበርና በመዘግየቴ አትቀየመኝ።

ጎረምሳ ሆነህ እንደዚህ አስተካክለህ መጻፍህ አስደስቶኛል። ከሁሉም በፊት ትምህርትህን ያዝ። ለደብተርና ለጫማ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ለእናትህም የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ሳታፍር ጻፍልኝ። ታስል እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለአየሩ ትጠንቀቅ።

ስዕሉን ተቀብያለሁ። ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ። የእህትህ እጅ ጥሩ ነበር።

በጸሎታችሁ አስቡኝ።
አጎትህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ እናቴም ብዙ ሰላም ትልዎታለች። ለላኩልን እናመሰግናለን። ጫማ ነበረኝ፤ እናቴ ግን የላከው ሰው ይከፋዋል ብላ ሌላ ገዛችልኝ። ሳሏ ለቋታል።

ስለ ስዕሉ ሥራ እንደበዛብዎት ገብቶኛል። እስከዚያው በራሴ ልሞክረው ብዬ ፊዚክስ መምህራችን ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ የሚመጣው መቼ ነው የሚጠናው?»

«እሱንም አጠናለሁ።»

ሳቁብኝና ቁጭ አሉ። ባለካሬ ወረቀት ላይ በእጅ የሚሠራ ዘዴ አሳዩኝ። እያንዳንዱ ካሬ ላይ ያለው ቁጥር የአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ነው። ጎረቤት ሲለወጥ እሱም ይለወጣል፤ እንደገና ይሰላል፣ ሁሉም ረግቶ እስኪቀመጥ። «እንደ ሰፈር ወሬ ነው፤ አንዱ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል» አሉ። አራት መቶ ካሬ ሠርቼ በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሮቹ ረጉ። መምህሩ ግን ብረት ሲገባበት ይህ ዘዴ እንደማይበቃ፣ ሙቀቱንም እንደማይነግረኝ ያወቁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። «ሂሳብህ ግን ተሻሽሏል» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ወርክሾፑ ሄጄ ነበር። ከእህቴ ጎን ይሠራ የነበረው፣ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ «ቀጭኔው» የሚሉት ጠምዛዥ ከሩቅ አየኝ።

«አንተ የመዳቧ ወንድም ነህ። እንዳትክድ፣ አፍንጫህ ይመሰክራል።»

አልካድኩም። ሻይ ጋበዘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ቅዳሜ በቦርሳዋ ምን ይዛ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«የብረት መጋዝ። የእኔ መጋዝ። ሦስቱን ቀዳዳዎች በስንጥቅ ልታገናኛቸው ነበር። ‹ለየብቻ መውጣታቸው ነው ብረቱን የሚያግለው፤ በአንድ በር ይውጡ› ብላኛለች።»

«ይህን ለአለቃህ ነገርከው?»

«ለእሱ? ‹ዛሬ ደግሞ ኢንጂነር ሆንክብኝ?› ይለኛል። ወረቀት የሌለው ሰው ነገር እኮ አይሰማም።» ከዚያ ሻዩን አማስሎ፣ «እሷስ ጠይቃ ነበር» አለኝ። «ገና ብረቱን ሳትቆርጥ አንድ የተማረ ሰው ጠይቃ፣ ምንም አይሆንም ብሏት ነው የቆረጠችው።»

ማን እንደሆነ አልነገረችውም። ያንን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ልጣላው አይደለም፤ ለእናቴ መጥቶ እንዲነግርልኝ ነው።

ጋሼ፣ ስዕሉን አዩት?

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ጥር 17 ቀን

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ቅዝቃዜው በርትቷል።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። የመሥሪያ ቤቱን ፕሮግራም ለግል ጉዳይ መጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ የፈረንጆች ዓመት መዝጊያም ስለነበር ሁላችንም ተጠምደን ነበር። በዚያ ላይ ከእጅ በተገለበጠ ስዕል እርግጠኛ መልስ መስጠት ከባድ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ይህን ነገር ብትተወው ደስ ይለኛል። ማንም ቢያጠፋ እሷን አይመልስልንም። አንተ ወደፊት ተመልከት። አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ከጨረስክ የኮሌጅ ወጪህን በሙሉ እኔ እችላለሁ። ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወረቀቶቿ መሀል ለሰው የጻፈችው ወይም ከሰው የተጻፈላት አግኝተሃል? ስልኳስ ማን ጋ ነው ያለው?

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።
አጎትህ


የካቲት 2 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ስልኳ በአደጋው ተሰባብሯል። ከወረቀቶቿ መሀል ደብዳቤ የለም፤ ስዕልና የሽቦ ቁጥር ብቻ ነው። ስለ ስልኳ ለምን እንደጠየቁኝ ሳስብ ሰነበትኩ። ክፍል ውስጥ ተጠርቼ አልሰማሁም፤ ሁለት ጊዜ ተቀጣሁ።

ስለ ኮሌጁ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ምንም አይላኩልን፤ እባክዎ። ባለጌ እንዳልሆን እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ያሳደገችኝ እናቴ ታላቅን ማክበር አስተምራኛለች፤ እህቴ ደግሞ የሚጠየቀውን በቀጥታ መጠየቅ አስተምራኛለች። ዛሬ የእሷ ይበልጣል።

ያ የተማረ ሰው እርስዎ ነዎት?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 19 ቀን

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

በሰላም ያቆይህ። ከዚህ በላይ መግቢያ ማስረዘም አልችልም።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

በሰኔ መጀመሪያ በስልክ ስዕሉን ላከችልኝ። ጥያቄዋ አንድ መስመር ነበር፤ «ጋሼ፣ ፋይበር ስላጣሁ ክዳኑን በብረት ብሠራው ይሞቃል ወይ?» አሥር ቀን አቆየኋት። ከዚያ አንድ ዓርብ፣ ባልደረቦቼ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ እየጠበቁኝ፣ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሠራሁት።

የሠራሁት ስህተት ምን እንደሆነ በደንብ እንዲገባህ እፈልጋለሁ። ግራውና ቀኙ ስለሚመሳሰል ግማሹን ብቻ ሣልኩ። ይህን በሥራችን ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን በሦስቱ ዘንጎች ውስጥ የሚያልፈው ኃይል አንድ ላይ አይነሳም፣ አንድ ላይ አይወድቅም፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ነው። ግራና ቀኙ እኩል የሚሆኑባት ቅጽበት አለች። እኔ ያቺን ቅጽበት ብቻ ያዝኩ፤ እንደ ፎቶ። በፎቶው ላይ ማግኔቱ ከክዳኑ ብዙም ርቆ አይሄድም፤ ያማረ ነገር ነበር። የቆመ ማግኔት ግን ብረት አያሞቅም። ብረቱን የሚያግለው በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ መመላለሱ ነው፤ እሱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ በብረቱ ውስጥ ሌላ ኃይል ያሽከረክራል። ያንን አላሰላሁትም። እሷ «ይሞቃል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ «ማግኔቱ ሩቅ ይደርሳል ወይ?» የሚለውን አስልቼ «ምንም አይሆንም፣ ጎበዝ፣ ቀጥዪ» ብዬ ላኩላት። የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ቢሠራ አልምረውም ነበር።

ሌላም አለ። በነሐሴ፣ በሞተችበት ሳምንት ረቡዕ ቀን፣ እንደገና ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ለካሁት፤ 138 ዲግሪ ደርሷል። ምን ላድርግ?» አንብቤዋለሁ። ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ ሰኞ ቢሮ ስገባ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት። እሷ ሰኞን አልጠበቀችም። መልሱን ራሷ አግኝታ፣ መጋዝ ተውሳ ሄደች።

መኪናውን እኔ አልነዳሁትም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አትጠይቀኝ። ያንተ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲመጣ አውቀህ ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ፤ እንደማታውቅ ስረዳ ደግሞ ከፍርሃቱ የባሰ ሆነብኝ። ገንዘብ የላኩት በዚያ ምክንያት ነው። ስለ ስልኳ የጠየቅኩትም ለዚያው ነው። አፍራለሁ።

አሁን ሙሉውን ሠርቼዋለሁ፤ ከሁለት ቀን በላይ ፈጀብኝ። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ፣ በተለይ በመካከላቸው ያለውን ጠባብ ብረት፣ ከአሸዋ በደቀቁ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፈልኩት፤ ነገሩ የሚፈጠረው እዚያ ነውና። ኮምፒውተሩ 141 ዲግሪ አለ። እሷ በቴርሞሜትር 138 ለክታለች። ከዚያ ሦስቱን ቀዳዳዎች የሚያገናኝ ስንጥቅ ጨምሬ ደግሜ አሰላሁ፤ 54 ወረደ። ሦስቱ በአንድ ክፍተት ውስጥ ሲያልፉ የአንዱን ማግኔት ሌሎቹ ያጠፉታል። መድኃኒቱ እሷ ያለችው ነው፤ ምንም የምጨምርበት የለኝም።

ሁለቱን የቀለም ስዕሎችና ለወርክሾፑ ባለቤት የጻፍኩትን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ማዕረጌንና ፊርማዬን አኑሬበታለሁ፤ ብረት እንድትጠቀም የፈቀድኩት እኔ እንደሆንኩ በግልጽ ይላል። ለእናትህ ግን እንዴት እንደምጽፍላት አላወቅኩም። አምስት ጊዜ ጀመርኩት። ከፈለግህ ይህንኑ አንብብላት፤ ካልፈለግህም ፍርዱ የአንተ ነው።

አጎትህ


መጋቢት 24 ቀን

ለጋሼ፣

በጤና ያሰንብትዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በወሩ መጀመሪያ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ተናድጄ ነበር። እሷን መልስ ያስጠበቋትን ያህል እርስዎም ይጠብቁ ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ከደበቅኩዎት ስለ መደበቅ የጻፉልኝ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የእርስዎን ደብዳቤ ይዤ ወርክሾፕ ሄድኩ። ባለቤቱ መነጽሩን ፈልጎ አጣ፤ ግንባሩ ላይ ነበር። ቀጭኔው አወረደለት።

«ይህ ሁሉ ቀለም ምንድን ነው?» አለ ስዕሉን እያዞረ።

«ቀዩ የሚግለው ነው» አልኩት። «ያለ ስንጥቅ ይህ ነው። ከነስንጥቁ ደግሞ ያኛው።»

«ያኛው ላይ ቀይ የለም።»

«የለም።»

ደብዳቤውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ቀጭኔውን «መጋዝህ የት ነው?» አለው።

«እሷ ጋ ቀርቶ የለ!»

«ታዲያ ከሱቅ ግዛ! ምን ታየኛለህ?»

ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ምስማር ፋብሪካው ሄድን። እኔን ሊተዉኝ ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድሜ ገብቼ ተቀመጥኩባቸው። አደጋው የደረሰበት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ቀጭኔው ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ፤ ካለፍነው በኋላም ረስቶት እስክንወርድ ድረስ እንደያዘኝ ቀረ።

ኃይሉ ተቋርጦ ክዳኑ ተነሳ። ብረቱ ላይ የእህቴ ምልክቶች ነበሩ፤ በነጭ ጠመኔ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሁለት መስመር። ምናልባት ልትለካ የሄደች ቀን አስምራው ይሆናል። ቀጭኔው ያንኑ መስመር ይዞ ቆረጠ። እኔም ትንሽ ቆረጥኩ፤ ጠማማ ሆነ፤ አስተካከለልኝ። ክፍተቱን በመከለያ ዘጉትና አስነሱት። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። 57 ዲግሪ። በሦስት ዲግሪ ተሳስተዋል፤ መምህራችን ግን ይህ ስህተት አይባልም ብለዋል።

ያንኑ ቀን ሳይመሽ ባለቤቱ ቤታችን መጣ። እናቴ ተቀመጥ ስትለው አልተቀመጠም። «ያን ዕለት በሰው ፊት የተናገርኩት ልክ አልነበረም» አላት። «ልጅሽ ሳትቆርጥ ጠይቃለች፤ ሲበላሽም ማስተካከያውን ያወቀችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ሰው ቢሰበሰብልኝ በሰው ፊት እደግመው ነበር።» እናቴ «አሁንስ ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ።

እሱ ከሄደ በኋላ የእርስዎን ደብዳቤ አነበብኩላት። ረቡዕ ስለመጣው መልእክት የጻፉት ጋ ስደርስ ልዘለው አስቤ ነበር፤ አልዘለልኩትም። ስጨርስ «ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር ስብርባሪውን ይዞ ሮጦ የሚመጣ ነበር» አለች። «አሁን ስንት ወር ፈጀበት?» ቆጥሬ ነገርኳት። «ማንም የሚያወራው ሰው የለውም ማለት ነው» አለች።

ትናንት አዲስ የመጣች ጎረቤት ስለ እህቴ ጠየቀቻት። «ልጄ ትራንስፎርመር ጠምዛዥ ነበረች» አለቻት። ጎረቤቷ ትራንስፎርመር ምንድን ነው ስትላት ደግሞ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ያስረዳችው በሙሉ ስህተት ነው። አላረምኳትም።

እኔ ገና ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ብጽፍ ለማስደሰት ይሆንብኛል። ግን ደብዳቤ መጻፍ እንድናቆም አልፈልግም። ጠርዙ ላይ ሦስት ማዕዘኖቹ ምን ያህል መድቀቅ እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? ይህን መምህራችንም አላወቁትም።

እናቴ ደውልልኝ በለው ብላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ናት። መጀመሪያ ላይ ምናልባት ምንም አትናገር ይሆናል፤ ስለ እህቴ ስታስብ እንደዚያ ናት። ዝም ብትልም ስልኩን አይዝጉባት።

የእህትዎ ልጅ